ጥጆቹን ያየ ሰው

ኦርቪን ስቴንሩድ የእርሻ ቢሮውን በር ከመግፋቱ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ ጭቃውን አራገፈ። መልሶ አጠለቀው፤ ከዚያም እንደገና አወለቀው። አባቱ ይህን በር አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጥ ነው የሞተው። «የመንግሥትን ገንዘብ አንዴ የቀመሰ ሰው ዝናብ መለመኑን ይተዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚለምነው ቼክ ነው» ይል ነበር ሽማግሌው።

በኮልተር አውራጃ እንዲህ የሚል ሰው ሞልቷል። በሃስኬል ከተማ ያለችው አንዲት ካፌ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚሰበሰቡት ከብት አርቢዎች መንግሥትን ሲያሙ አፋቸው አይደክምም፤ ከካፌው ሲወጡ ግን መኪናቸው የቆመው እርሻ ቢሮው ደጃፍ ነው። ድርቅ ሲሆን ለጠፋው ሣር ይከፈላቸዋል፤ መሬቱ ሲያርፍ ላልታረሰው፤ ከብት ሲሞት ለሞተው። ማን ምን ያህል እንደተቀበለ ኢንተርኔት ላይ ስለሚወጣ ሁሉም የሁሉንም ያውቃል።

«ዋሽንግተን ዘንድሮ ኮርማ ገዛችልህ አሉ።»

«ላንተ ፒካፕ ከገዛች ለእኔ ኮርማ ምን አላት!»

እንዲህ ይባባላሉ፤ ይስቃሉ። በዚህ ሳቅ ውስጥ ኦርቪን የለም። ካፌውን ከተወው ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ወደዚህ በር ያመጣው የሚያዝያ በረዶ ነው። ላሞቹ በሚወልዱበት ወር፣ ሣሩ ብቅ ማለት ከጀመረ በኋላ፣ ከሰሜን ምዕራብ የመጣ ውሽንፍር ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ሳያባራ ነፈሰ። መጀመሪያ ዝናብ ሆኖ የጥጆቹን ጀርባ አራሰ፤ ከዚያ ነፋሱ ዞረና ዝናቡ በረዶ ሆነ። ከብት ነፋስን ፊት ለፊት አይገጥምም። ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ አጥር እስኪያስቆመው ድረስ። ኦርቪን በሦስተኛው ቀን ጠዋት የደጁን በረዶ በአካፋ ዝቆ ሲወጣ የደቡቡን አጥር ማዕዘን ከሩቅ አየው። በረዶው እዚያ ላይ ጉብታ ሠርቷል። ላሞቹ ጉብታውን ከበው እምቧ ይላሉ።

ሠላሳ ሰባት ጥጃ። ሦስት ላም።

ያን ቀን ያደረገውን አባቱም ያደርገው ነበር፤ አያቱም። እናታቸው የሞተችባቸውን ሦስት ጥጆች ለማዳን ከሞቱት ጥጆች የሦስቱን ቆዳ ገፈፈና እንደ ካፖርት አለበሳቸው፤ ልጇን ያጣች ላም የልጇን ጠረን አሽትታ ባዳውን እንድታጠባ። ከዚያ የሞቱትን በሰንሰለት እያሰረ በትራክተር ጎትቶ ከቤቱ ጀርባ ካለው ቦረቦር ጣላቸው፤ ከመንገድ በማይታዩበት። በኮልተር አውራጃ የሞተ ከብቱን ለሰው ዓይን ያሰጣ ሰው ሰነፍ ይባላል። የሰው የሞተ ከብት ላይ ዓይኑን የተከለ ደግሞ ባለጌ ነው። ስለዚህ በረዶ ባለፈ ማግስት ሁሉም የየራሱን ድምፁን አጥፍቶ ይጎትታል፤ በመንገድ የሚያልፍም አንገቱን ወደ ሌላ ጎን ያዞራል።

ሳምንት ሳይሞላ ሙቀት መጣ፤ ከሙቀቱ ጋር ዝናብ። የሞቱት ሦስት ላሞች ከብደው ቦረቦሩ አፍ ላይ ጭቃ ውስጥ ቀሩ። ጥጆቹን ግን ጎርፉ አንሥቶ ወደ ወንዙ ወሰዳቸው።

ኦርቪን እንዲህ ያለውን ኪሳራ አይቶ አያውቅም። ባንኩ በየጸደዩ ያበድረዋል፤ እሱም በመከር ጥጆቹን ሸጦ ይመልሳል። ከሦስት ጥጃ አንዱን ያጣ ሰው ምን ሸጦ ይመልስ? የባንኩ ሰውዬ ነገሩን በጨዋ ቃል ነበር የነገረው፤ «ከመንግሥት የሚገባህ ካልመጣ መንጋውን ስለመሸጥ እንነጋገራለን» አለው። ኦርቪን ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰበው ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ላሞቹ ከሄዱ ጠዋት ለምን እንደሚነሣ ነው ያሰበው። በዚያ ቤት ውስጥ ሌላ የሚቀሰቅሰው ነገር የለም።

እርሻ ቢሮው ውስጥ፣ ባለጉዳይ ከሚስተናገድበት መስኮት ጀርባ፣ ሠራተኛዋ ማርሊስ ተቀምጣለች። ፀጉሯ እዚያ ወንበር ላይ ነው የሸበተው፤ ባሏም ከብት አርቢ ነው።

«ጌታ ሆይ! የስቴንሩድ ልጅ!» አለች። «ተሳስተህ ነው? ፖስታ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ነው።»

«አልተሳሳትኩም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ። ወንበሩ አይነክስም።»

ተቀመጠና ነገራት። እየሰማችው ቀልዷን ተወች። የእነሱም ቤት ስምንት ጥጃ ሞቶባቸዋል።

«ሠላሳ ሰባት» አለች ቀስ ብላ። «ምን ነካህ፣ እስከዛሬ ዝም ብለህ የተቀመጥከው? ገንዘቡ እኮ ለዚሁ የተመደበ ነው። ለእያንዳንዱ ጥጃ ይከፈልሃል። ግን መሞታቸውን ማሳየት አለብህ። ፎቶ አነሣህ?»

«የምን ፎቶ?»

«የጥጆቹን ነዋ!»

«አንቺ ለቀብር ስትሄጂ ፎቶ ታነሺያለሽ?»

«እኔ አላነሣም። የባሌ እህት ታነሣለች፤ ሬሳውን ሳይቀር።» ኦርቪን ሳይስቅ ሲቀር ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሺ። ላሞቹ ካሉ እነሱን ዛሬውኑ አንሥተህ አምጣ። ጥጆቹን ግን ያየ ሰው ያስፈልግሃል። ዘመድህ ያልሆነ፣ በገንዘብም የማትገናኙ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይህን ያህል ናቸው ብሎ እዚህ ፊቴ የሚፈርም። አንድ ሰው ይበቃል።»

«አንድ ሰው።»

«አንድ ብቻ። በረዶው ካለፈ ወዲህ ግቢህ ማን መጣ?»

ኦርቪን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረው።

«ጋዝ የሚያመጣው ልጅስ?» አለች።

«በመከር ነው የሚመጣ።»

«የከብት ሐኪሙ?»

«የማዋልደው እኔው ነኝ።»

«ፖስተኛዋ?»

«ሳጥኑ ያለው ዋናው መንገድ ላይ ነው። እስከ ቤቱ ስድስት ማይል አለ።»

«የቤተ ክርስቲያን ሰዎችስ? ፓስተሩ?»

«እኔ ጋ ሰው አይመጣም፣ ማርሊስ» አለ፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ደጅ ላይ አንድ መኪና ቆመ፤ አንድ ሰው ጭቃ የለበሰ ጫማውን ደረጃው ላይ ሲያራግፍ ተሰማ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለህ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዌንደል ካድሌክስ? አጥራችሁ አንድ አይደል እንዴ?»

«አጥራችን አንድ ነው» አለና ተነሣ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ የነዳው በዝግታ ነበር። ቲፕ፣ አሮጌው ውሻው፣ ከጎኑ ተቀምጦ መስኮቱን ይልሳል። «አጥራችን አንድ ነው» አለው ለውሻው፤ ውሻው ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ።

በዚያ አገር ጥጆች በጋለ ብረት ምልክት የሚደረግባቸው በግንቦት መጨረሻ ነው። ሥራው የወንፈል ነው፤ ዛሬ አንዱ ቤት፣ ነገ ሌላው ቤት። ፈረሰኞቹ ጥጃውን በገመድ ጠልፈው ይጎትታሉ፤ ሁለት ሰዎች ጥለው ይይዙታል፤ አንዱ ክትባት ይወጋል፤ አንዱ ብረቱን ያሳርፋል። ማንም ለማንም አይከፍልም። ሕጉ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ምሳ ያበላል። የምሳው ነገር ደግሞ እንደ ዋዛ አይታይም። ጥጃው ከሳ ተብሎ የሚታማ የለም፤ «ባለፈው ዓመት እነ እገሌ ቤት ቀዝቃዛ ሥጋ ነው የበላነው» ተብሎ ግን ሰው እስከ ልጅ ልጁ ይታማል።

የስቴንሩዶችን ምሳ ታበላ የነበረችው እናቱ ናት። የምድጃ ጥብስ፣ በቅቤ የተፈጨ ድንች፣ ሲቆረጥ ጭማቂው የሚንቆረቆር፣ ሩባርብ በሚሉት ጎምዛዛ ተክል የተሞላ ፓይ። ወንዶቹ ከገበታው ሲነሡ ወገባቸውን ይዘው ያቃስቱ ነበር። ዌንደል ካድሌክማ «እኔ ለጥጆቹ አይደለም የመጣሁት» ይላት ነበር በየዓመቱ፤ እሷም በየዓመቱ እንደ አዲስ ቀልድ ትስቅለት ነበር።

እናቱ ከስድስት ዓመት በፊት በብርዱ ወራት ሞተች። ግንቦት ሲደርስ ኦርቪን ወጥ ቤት ውስጥ ቆመና ያለውን አየ። ማብሰል የሚችለው እንቁላል ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ቆርቆሮ ከፍቶ ባቄላ ማሞቅ ነው። ያን ሁሉ ሰው እናቱ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ፊቱ የቆርቆሮ ባቄላ ቀርቦለት፣ በጨዋነት ዝም ብሎ ሲበላ በዓይነ ኅሊናው ታየው። ያን ጊዜ ጥጃን አንቆ በጎኑ የሚያጋድም የብረት መያዣ ከጨረታ ገዛና ማንንም ሳይጠራ፣ ብቻውን፣ ቀኑን ሙሉ፣ ከዚያም ቀጥሎ ባሉት ቀናት፣ ጥጆቹን በጋለ ብረት ተኮሰ። «ሰው አላስቸግርም» አለ ለራሱ።

የማያበላ ሰው ደግሞ የሰው ምሳ ሄዶ መብላት አይገባውም። ስለዚህ ዌንደል ስልክ ደውሎ «ቅዳሜ የእኛ ነው» ሲለው «ዘንድሮ አልችልም» አለ። በዓመቱም አልችልም አለ። በሦስተኛው ዓመት ስልኩ አልጮኸም። ከማንም ጋር አልተጣላም። ቢጣላ ይሻለው ነበር፤ ጠብ ሽማግሌ ያስታርቀዋል። ይኼን ምን ብሎ ለማን ይነግራል? ዌንደል ጠዋት ወደ ካፌው ሲሄድ፣ ኦርቪን አንዳንድ ቀን የፖስታ ሳጥኑ ጋ ቆሞ ካገኘው፣ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ያነሣለታል። ኦርቪንም አንድ ጣቱን ያነሣል። ስድስት ዓመት ያወሩት በአንድ ጣት ነው።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሄደ።

ዌንደል ካድሌክ ከጎተራው ፊት ለፊት የውኃ ፓምፕ ፈታትቶ ምድር ላይ ዘርግቷል። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ወፍራም ነው፤ ሲያጎነብስ እንደ ፈረስ ይተነፍሳል። የኦርቪንን መኪና ሲያይ ቀና አለና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ኦርቪን።»

«ዌንደል።»

«መኪናህ ተበላሸብህ?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

«ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሰው አይደለም።»

ከዚያ እንደ ደንቡ ስለ ሣሩ አወሩ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ፓምፑ ምን እንደነካው አወሩ፤ ኦርቪን ጎንበስ ብሎ አንዲት ትንሽ የጎማ ቀለበት አነሣና አየት አድርጎ መልሶ አስቀመጣት። ቲፕና የዌንደል ውሻ ተሸታትተው ጨርሰው ጥላ ሥር ተኝተዋል።

«እርሻ ቢሮ ሄጄ ነበር» አለ ኦርቪን።

የዌንደል ቅንድብ ወደ ላይ ተነሣ። «አንተ? አባትህ ቢሰማ ዳግመኛ ይሞት ነበር።»

«ሳይሰማ ሞቷል።»

«እሱስ ነው።»

«ጥጆቹን ያየ ሰው አምጣ ይላሉ። የሞቱትን። ምናልባት ስጎትት ካየኸኝ ብዬ ነው። ካላየኸኝም ምንም አይደል፤ ላስቸግርህ ብዬ አይደለም።»

ዌንደል ወደ ኮረብታው ተመለከተ። «አይቼሃለሁ» አለ። «ከዚያ ላይ ሆኜ። ትራክተሩን አየሁና ፊቴን አዞርኩ። ስንት ጊዜ እንደተመላለስክ አልቆጠርኩም። ነውር ነው።»

«ነውር ነው» አለ ኦርቪን።

«አንተም የእኔን አይተህ ይሆናል።»

«አላየሁም። ማለቴ፣ እኔም ዞርኩ።»

ሁለቱም ምድር ምድሩን አዩ። ኦርቪን ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰለው። የመጣበትን ሲያስብ ፊቱ ጋለ። አጥር የሚጋራውን ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ደጁን ሳይረግጥ ቆይቶ፣ ሲረግጠው ለመንግሥት ቼክ ሆነ። «እሺ እንግዲህ» አለና ውሻውን ጠራ። «ፓምፑ ይቅናህ።»

«ቁም እስቲ አንተ ሰው።»

ዌንደል እየተንገዳገደ ወደ ፒካፑ ሄደ። በሩን ከፍቶ ከውስጠኛው መስታወት ላይ አንድ ነገር አወረደ፤ እንደ መቁጠሪያ ተጠቅልሎ የታሰረ የአጥር ሽቦ ነው። ሽቦው ላይ የተሰኩት፣ ለጥጃ ጆሮ የሚሠሩት ቢጫ የፕላስቲክ ቁጥሮች እየተጋጩ ይንቀጫቀጫሉ። በአካባቢው ቢጫ የሚሰካው የስቴንሩድ ቤት ብቻ ነው።

ኦርቪን ሽቦውን በሁለት እጁ ተቀበለ። አርባ አንድ። ስድስት። አሥራ ዘጠኝ። እያንዳንዱን ጥጃ ያውቀዋል፤ የወለደችውን ላምም፣ የተወለደበትንም ጠዋት።

«ከአጥሬ ላይ ነው የለቀምኳቸው» አለ ዌንደል። «አጥሩ ወንዙን የሚያቋርጥበት ቦታ። ጎርፉ ሲጎድል ሽቦው እንዳለ ተኝቶ አገኘሁት፤ ግንዱም፣ ቆሻሻውም፣ እነሱም አንድ ላይ ተከምረው። ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ሁለቱ ቆዳ የላቸውም ነበር። እነሱንማ ያለ ቁጥርም አውቃቸው ነበር። ቆዳውን እግር ላይ ካልሲ አስመስሎ የሚተው ገፋፊ አባትህ ነበር፤ አሁን አንተ ነህ።»

«መቼ ነው ይኼ?»

«ጎርፉ የጎደለ ሰሞን።»

«ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በፖስታ ሳጥኔ በኩል ታልፋለህ።»

«በየጠዋቱ። ሳጥኑ ውስጥ ልክተተው ብዬ ሁለት ጊዜ አቁሜ ነበር። በኋላ ሳስበው፣ ሰውዬው ሳጥኑን ሲከፍት የሞቱ ጥጆቹን ቁጥር ያገኛል፤ ሽፍታ የላከበት ነው የሚመስለው።»

«ቤት አትመጣም ነበር?»

«አልጠራኸኝማ!» ዌንደል ድምፁ ከፍ አለ፤ ውሾቹ ቀና አሉ። «ስንጠራህ አልመጣህ፣ ራስህ አልጠራኸን። ሰው የማይፈልግ ሰው ነው አልን። ሚስቴ በየግንቦቱ ምሳ ይዘን እንሂድና ጥጆቹን እንተኩስለት ትላለች። የከለከልኳት እኔ ነኝ። ተይ፣ ኩሩ ነው፣ ይከፋዋል አልኳት።»

«ኩራት አልነበረም።»

«ምን ነበር ታዲያ?»

ኦርቪን ቁጥሮቹን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ገፋ። ጭቃው ታጥቦላቸዋል። ሰውዬው አጥቧቸዋል ማለት ነው።

«ምሳ» አለ።

«ምን አልክ?»

«ምሳ ማብሰል አልችልም።»

ዌንደል አፉን ከፈተ። ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን የሆነ ቦታ ላይ ቀረበት። ወደ ፓምፑ ተመለሰና ተገልብጦ የቆመ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «ምሳ» አለ ለፓምፑ። «ስድስት ዓመት።»

ከዚያ ቆጠሯቸው። ሃያ ሁለት ናቸው። የቀሩትን ወንዙ አጥሩን ሳያስነካ አሳልፏቸዋል፤ ወይም ቀበሮ በልቷቸዋል።

«ስንት ነው የሞተብህ?»

«ሠላሳ ሰባት።»

ዌንደል አንገቱን አሻሸ። «ሠላሳ ሰባት አይቻለሁ ልበላ። ማን አብሮኝ ነበር? ማርሊስ እንደሁ አታፈጥብኝም።»

ኦርቪን የባንኩን ሰውዬ አሰበ። ላሞቹን ሊወስድ በሩ ላይ የሚቆመውን የጭነት መኪና አሰበ። መልሱ ግን ሳያስበው ነው የወጣው።

«አላየህም።»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው አትበል።»

«እሺ» አለ ዌንደል፤ ቅር ያለውም ደስ ያለውም ይመስል ነበር።

በማግስቱ ሃስኬል ሄደው ፈረሙ። ማርሊስ ሽቦውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ እያንዳንዱን ፎቶ አነሣች። «ይኸው፣ አንዱ ፎቶ ማንሣት ቻለ» አለች። ለሃያ ሁለቱ ጥጃና ለሦስቱ ላም ይከፈላል። ለአሥራ አምስቱ አይከፈልም። ለባንኩ ሰውዬ ራሷ ደውላ ነገረችው። ሰውዬው ጥቂት አስቦ መልስ ሰጠ፤ መንጋው በሙሉ መሸጥ የለበትም፤ ግማሹ ይበቃል።

የጭነት መኪናው የመጣው ደመና ባለበት ቀን ነው። ኦርቪን የሚሄዱትን የመረጠው በዕድሜ ነበር፤ አሮጌዎቹን ለየ፤ ከነጥጆቻቸው። ከሚሄዱት መሀል እናቱ በስም ትጠራቸው የነበሩት ይገኙባቸዋል። በመኪናው መወጣጫ ሲወጡ ሰኮናቸው ቆርቆሮው ላይ ይጮህ ነበር። ሾፌሩ የማያውቀው ወጣት ነው፤ «ጥሩ ላሞች ናቸው» አለው። «ናቸው» አለ ኦርቪን። መኪናው ከሄደ በኋላ ግቢው ውስጥ የቀሩት ላሞች አጥሩ ጋ ተሰልፈው እስኪመሽ ድረስ መንገዱን ሲያዩ ዋሉ። እሱም የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አብሯቸው አየ።

የሚተኮሱት ጥጆች አሁን ጥቂት ናቸው። በብረት መያዣው ከሆነ ብቻውን ከምሳ በፊት ይጨርሳቸዋል። ይህን እያወቀ ነው አንድ ምሽት ከራት በኋላ ስልኩን ያነሣው። መጀመሪያ የደወለበት ቤት ስልኩን የሚያነሣ አልተገኘም። ሁለተኛው «ኦርቪን የቱ?» አለው፤ ከዚያ «ውይ፣ ዘንድሮ እንኳ አልችልም» አለው። ኦርቪን ይህን ቃል ያውቀዋል፤ ከራሱ አፍ ነው የወጣው። ስልኩን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ለዌንደል ደወለ።

«ቅዳሜ የእኔ ነው» አለ።

«ስንት ጥጃ ነው?»

ነገረው።

«ለዚያች ነው ሰው የምትጠራ? ብረቱ ሳይግል የሚያልቁ?»

«አዎ።»

«ምሳ አለ?»

«ባቄላ።»

«የቆርቆሮ?»

«የቆርቆሮ።»

«እግዚአብሔር ይሁነን» አለ ዌንደልና ዘጋው።

ቅዳሜ ዌንደል ብቻውን መጣ። ሚስቱ ጉልበቷን ታማ ልጇ ቤት ከተማ ናት። አንዱ በፈረስ እየጠለፈ፣ ሌላው እየጣለ፣ ተራ በተራ ብረት ይዘው ሠሩ፤ በመያዣው ቢሆን ከሚፈጀው እጥፍ ጊዜ ፈጀባቸው። ከጥጆቹ ሦስቱ የለበሱት ቆዳ ከወለቀላቸው ቆይቷል፤ የሚያጠቧቸው ላሞች አጠገባቸው ቆመው ይቆጣሉ፤ የራሳቸው እንደሆኑ ሁሉ።

ምሳውን እናቱ ገበታ ላይ በሉ። ስምንት ወንበር ያለው ገበታ ነው፤ ሁለቱ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ዌንደል ባቄላውን ቀመሰ። አላመጠ። ጨው ለመነ። እንደገና ቀመሰ።

«አልተሳሳትክም» አለ። «እውነትህን ነው፣ አትችልም።»

ኦርቪን ሳቀ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት፤ ቲፕ ከበሩ ሥር ተነሥቶ አየው።

«ካፌ ሲያሙህ ሰነበቱ» አለ ዌንደል ዳቦውን እየነከረ።

«እኔን?»

«መኪናህን እርሻ ቢሮው ደጃፍ አይተው ነዋ። ኢንተርኔት እስኪወጣ ማን ይጠብቃል?»

«ምን አሉ?»

«እኔ ሐሜት አላመላልስም። ከፀሐይ ጋር ነው የሚገቡት፤ ሂድና ራስህ ስማ።»

ዌንደል ከሄደ በኋላ ኦርቪን ሁለቱን ሳህኖች አጠበ። ማንም ያልተቀመጠባቸውን ስድስት ወንበሮች ወደ ገበታው አስጠጋ። ሽቦውን ከነቁጥሮቹ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለውና ነፋስ በገባ ቁጥር ሲንቀጫቀጭ እስኪመሽ ሰማው። ግቢው ወትሮም ዝም ያለ ነበር። ያን ቀን ግን ዝምታው ትልቅ ሆነበት፤ ሰው ገብቶበት የወጣ ቤት ዝምታ ነው።

በማግስቱ አልሄደም። ከዚያም በኋላ በነበሩት ቀናት አልሄደም። ላሞቹን ቆጠረ፤ አጥር ጠገነ። አንድ ጠዋት ግን ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥቶ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ነዳ። ፖስታ በዚያ ሰዓት እንደማይመጣ ያውቃል። ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀመጠ።

ዌንደል መጣ። ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን አነሣ፤ ኦርቪንም አነሣ። መስታወቱ ላይ የሚንጠለጠል ነገር አልነበረም። ፒካፑ ሳይቆም፣ ፍጥነቱንም ሳይቀንስ፣ ጠጠሩን እየበተነ ወደ ሃስኬል አለፈ።

ኦርቪን ዌንደልን ተከትሎ ካፌው ሊሄድ መሪውን ወደ ከተማው አዞረና አቧራው እስኪወርድለት ጠበቀ። ያን ጠዋት ነፋስ የሚባል አልነበረም። አቧራው መንገዱ ላይ ተንጠልጥሎ ብዙ ቆየ።